ሐረጎን ከመውጣታችሁ በፊት፦ የሞተር ፋን ብልሽትን ደረጃ በደረጃ መለየትና ወደ ኤሌክትሪክ ፋን የመቀየር ጉዳይ

ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ የሚወጣ መኪና በአጭር መንገድ ወደ 600 ሜትር ያህል ከፍታ ይጨምራል። ሐረጎ ላይ ዳገቱ ፋታ አይሰጥም። ከፊት ደግሞ ጭነት የያዘ ሲኖትራክ ያዘግማል። መንገዱ ጠመዝማዛ ነውና መቅደም አይቻልም፤ በ2ኛ ማርሽ ትከተሉታላችሁ። ሞተሩ ያለ የሌለ ኃይሉን እያወጣ ነው። መኪናው ግን ስለሚያዘግም ከፊት የሚገባው ነፋስ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። በዚያ ሰዓት በራዲያተሩ ውስጥ አየር የሚያሳልፈው ፋኑ ብቻ ነው።

ወሎ ውስጥ የደከመ ፋን ቶሎ የሚታወቀው ለዚህ ነው። ሜዳ ላይ ለዓመት ተደብቆ የሚኖር ብልሽት እዚህ በአንድ ዳገት ይጋለጣል። ነገር ግን ሞተር በሞቀ ቁጥር ጥፋተኛው ፋን አይደለም። ፋኑ ሲደክምም "ኤሌክትሪክ ፋን አስገባበት" የሚል ምክር ይበዛል። ምክሩ አንዳንዴ ትክክል ነው፤ ብዙ ጊዜ ግን አይደለም። ጭነትና ሰው ለሚጭን የናፍጣ መኪና፣ ለሃይሉክሱ፣ ለአባዱላው፣ ለኤንፒአሩ (ለኢሱዙው የጭነት መኪና)፣ አቋሜ ግልጽ ነው። መጀመሪያ የፋብሪካውን ፋን ወደ ሙሉ ጤናው መልሱት። መቀየር የሚያዋጣበት ሁኔታም አለ፤ ወደ መጨረሻው እንመጣበታለን።

ከመጀመራችሁ በፊት

የሞቀ ራዲያተር ክዳን አትክፈቱ። ውስጡ በግፊት የታመቀ ውሃ ነው፤ ክዳኑ ሲላቀቅ በአንዴ ወደ እንፋሎት ተቀይሮ ፊት ላይ ይፈነዳል። የላይኛውን ማኒኮቶ (የራዲያተሩን የጎማ ቱቦ) በእጃችሁ ጨብጣችሁ ያለ ችግር መያዝ እስክትችሉ ድረስ ጠብቁ።

ጋቢ፣ ፎጣ ወይም ሻርፕ አንገታችሁ ላይ ካለ አውልቁና መኪናው ውስጥ አስቀምጡ። በደሴ ብርድ ይህ ከባድ እንደሆነ አውቃለሁ፤ ግን የሚሽከረከር ፋን ጨርቅ ከያዘ ሰውየውንም ይዞ ይሄዳል። ኤሌክትሪክ ፋን ደግሞ ቁልፍ ተነቅሎም በድንገት ሊነሳ ይችላል። እጃችሁን ወደ ክንፎቹ ከማስገባታችሁ በፊት ሶኬቱን ንቀሉ።

ከፍታው የሚያመጣው ለውጥ

ይህን ነጥብ ዘልላችሁ አትለፉ። ባሕር ወለል ላይ ውሃ 100 ዲግሪ ላይ ይፈላል። ደሴ 2,500 ሜትር አካባቢ ስለሆነች ክፍት ድስት ውስጥ ያለ ውሃ 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ይፈላል። የራዲያተር ክዳን ሥራው ውሃውን በግፊት አፍኖ የሚፈላበትን ሙቀት ከፍ ማድረግ ነው። ክዳኑ ላይ 0.9 ወይም 1.1 የሚል ቁጥር ታያላችሁ፤ የሚይዘው የግፊት መጠን ነው። 0.9 የሚል ጤነኛ ክዳን ደሴ ላይ ውሃው እስከ 114 ዲግሪ አካባቢ እንዳይፈላ ይይዘዋል። የክዳኑ ጎማ ካረጀና ግፊት ካፈሰሰ ግን ውሃው 92 ላይ ይፈላል። ይህ ደግሞ ለብዙ ሞተር የተለመደ የሥራ ሙቀት ነው። ማለትም ሞተሩም ፋኑም ደህና ሆነው መኪናው ሊፈላ ይችላል። በርካሽ የሚገኝ ክዳን ከመቀየራችሁ በፊት ውድ ዕቃ አትግዙ።

አየሩም እዚህ ሳሳ ያለ ነው። ፋኑ በተመሳሳይ ዙር ሲሽከረከር የሚስበው አየር በክብደት ሲለካ ከባሕር ወለሉ በአንድ አምስተኛ ያህል ያንሳል። የደሴ ቅዝቃዜ ይህን በከፊል ያካክሳል። ሰኞ ለገበያ ባቲ የወረደ ወይም በመርሳና በቆቦ ሙቀት የሚሠራ መኪና ግን የሚስበው አየር ራሱ ትኩስ ነው።

ደረጃ 1፦ መቼ ነው የሚሞቀው?

መፍቻ ከማንሳታችሁ በፊት ይህን ጥያቄ መልሱ። መካኒክ ዘንድ ስትሄዱም መጀመሪያ የምትነግሩት ይህንን ይሁን።

ቆሞ በሚኒሞ (ነዳጅ ሳይረገጥ በዝቅተኛ ዙር) ሲሠራ ወይም በደሴ ፒያሳ ግርግር ሲያዘግም ይሞቃል፣ መንገዱ ሲከፈትለት ግን ይበርዳል? ይህ ቁልጭ ያለ የፋን ምልክት ነው።

ከከሚሴ ወደ ኮምቦልቻ ሜዳውን በ80 ሲነዳ ይሞቃል፣ ሲቆም ይበርዳል? ፋኑን ተዉት። በሰዓት ከ60 ኪሎ ሜትር በላይ ሲነዳ የመኪናው ፍጥነት ራሱ በቂ ነፋስ ያስገባል። እዚህ ጋ የሚጠረጠረው ውስጡ የተደፈነ ራዲያተር፣ በግማሽ የሚከፈት ቴርሞስታት (ውሃው ሲሞቅ ተከፍቶ ወደ ራዲያተሩ የሚያሳልፈው በር) ወይም ዙር ሲጨምር ተመጥጦ የሚጣበቅ የታችኛው ማኒኮቶ ነው።

ዳገት ላይ ብቻ ከሆነ ሁለቱም ሊሆን ይችላል። ጌጁ ከፍ ሲል ሰፋ ያለ ቦታ ፈልጋችሁ ቁሙ፣ ታኮ አድርጉ፣ ኤሲውን አጥፉ። ውሃ ካላፈሰሰ ሞተሩን አታጥፉት። ነዳጅ መስጫውን በመጠኑ ረግጣችሁ ዙሩን 1,500 አካባቢ አቆዩት። ጌጁ በደቂቃዎች ውስጥ ከወረደ ፋኑ አየር እየሳበ ነው፤ ጥርጣሬው ወደ ራዲያተሩ ይሄዳል። ባለበት ከቆመ ወይም ከጨመረ ጥርጣሬው ፋኑ ላይ ይከብዳል። ውሃ እያፈሰሰ ከሆነ ግን ይህን ሙከራ አታድርጉ፤ ወዲያው አጥፉ።

በቀዝቃዛ ማለዳ ገና በተነሳ በጥቂት ደቂቃ የሚሞቅና ራዲያተሩ ውስጥ ያለማቋረጥ አረፋ የሚያስነሳ መኪና ደግሞ የቴስታታ ጓርኒሲዮን (በሞተሩ ራስና በብሎኩ መካከል ያለው ማሸጊያ) ችግር ሊኖርበት ይችላል። እሱን ፋን አያድነውም።

ደረጃ 2፦ ሞተሩ በርዶ ሳለ የሚታዩ ነገሮች

የውሃውን መጠን እዩ። ቺንጋውን (ፋኑንና ፖምፓውን የሚያዞረውን ቀበቶ) እዩ፤ የላላ፣ የተሰነጠቀ ወይም የሚያብረቀርቅ ከሆነ ፋኑንም የውሃ ፖምፓውንም በሚገባ አያዞርም።

ከዚያ የእጅ ባትሪ ይዛችሁ ራዲያተሩን ከፊት ተመልከቱት። ኤሲ ያለው መኪና ላይ ከፊት ሌላ ራዲያተር መሰል ነገር አለ። ዋናው ቆሻሻ የሚታፈነው በሁለቱ መካከል ስለሆነ ከውጭ አይታይም። በመኸር ወቅት የጤፍ ገለባ፣ በበጋ አቧራ፣ በክረምት ጭቃ ይሞላዋል። የምታጥቡት ከሞተሩ በኩል ወደ ውጭ ይሁን፤ በቀስታ በሚወርድ ውሃ። ኃይለኛ የመኪና ማጠቢያ ግፊት ቀጫጭኖቹን ቆርቆሮዎች አጣጥፎ አየሩን ጭራሽ ይዘጋዋል።

ፋኑን ዙሪያውን የሚከበው የፕላስቲክ ከለላ አለ? ብዙ አሮጌ መኪና ላይ ለሌላ ሥራ ተፈቶ ሳይመለስ ቀርቷል። ያለሱ ፋኑ በራዲያተሩ በኩል መሳብ የነበረበትን አየር ትቶ በጎን ያለውን የሞተር ክፍሉን ትኩስ አየር መልሶ ያንቀሳቅሳል። ዳገት ላይ የሚሞቅ መኪና ከለላው ተመልሶለት ብቻ የሚድንበት ጊዜ አለ።

ስለ ቴርሞስታት አንድ የደሴ ጉዳይ ልጨምር። ድስት ውስጥ አፍልቶ መሞከር የተለመደ ነው። 82 የሚል ቴርሞስታት 82 ዲግሪ ላይ መከፈት ይጀምራል፤ በብዙዎቹ ላይ ሙሉ በሙሉ የሚከፈተው ግን 95 አካባቢ ነው። የደሴ ድስት 95 አይደርስም። ስለዚህ በሚፈላ ውሃ ውስጥ በከፊል ብቻ ስለተከፈተ "ተበላሽቷል" ብላችሁ አትጣሉት። ጭራሽ ካልተከፈተ ወይም በርዶም ክፍት ከሆነ ያን ጊዜ ቀይሩት።

ደረጃ 3፦ በቺንጋ የሚዞር ፋን ከሆነ

አብዛኛው ሃይሉክስ፣ ላንድክሩዘር፣ አባዱላና ኤንፒአር በዚህ ውስጥ ይገባል። ፋኑ የውሃ ፖምፓው ላይ በፋን ክላች በኩል ይታሰራል። ክላቹ ውስጥ ወፍራም የሲሊኮን ዘይት አለ። ፊቱ ላይ ያለው ጥምዝ ብረት በራዲያተሩ በኩል የሚመጣው አየር ሲግል ይለጠጥና ዘይቱን ወደ ሥራው ቦታ ያስገባዋል፤ ፋኑም ይጨብጣል። አየሩ ሲበርድ ይለቀዋል።

ሞተሩን አጥፍታችሁ፣ በርዶ ሳለ፣ ፋኑን በእጅ አዙሩት። ጤነኛው የተወሰነ ክብደት አለው፤ አንድ ሁለት ዙር ሄዶ ይቆማል። እንደ መጫወቻ ብዙ ዙር ከተሽከረከረ ዘይቱ አልቋል። ጭራሽ ካልላላ ተጣብቋል።

ከዚያ መኪናውን ነድታችሁ በደንብ አሙቁት፣ አጥፉት፣ ወዲያውኑ ድገሙት። አሁን ከቅድሙ ጠንከር ማለት አለበት። ሞቆም እንደ በረደው ከላላ ክላቹ አይጨብጥም።

የክንፉን ጫፍ ይዛችሁ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ነቅንቁ። ጎላ ያለ ንቅናቄ ካለ የክላቹ ወይም የፖምፓው ኩሽኔታ አልቋል። ክላቹ ፊት ላይ ከመሃል ወደ ዳር የተረጨ፣ አቧራ የያዘ የዘይት ምልክት ካያችሁም ዘይቱ ወጥቷል ማለት ነው።

ጆሮም ይረዳል። ማለዳ ሲነሳ ለአጭር ጊዜ የሚሰማው ኃይለኛ የነፋስ ድምፅ ጤነኛ ነው፤ ከዚያ ጸጥ ይላል። ሐረጎን ስትወጡ አጋማሹ ላይ ያው ድምፅ መመለስ አለበት። ሙሉ ዳገቱን ወጥታችሁ ጌጁ እየጨመረ ድምፁ ጭራሽ ካልመጣ ክላቹ ሞቷል። የሚሽከረከር ፋን ውስጥ ጋዜጣ ወይም ካርቶን አስገብቶ የማቆም "ሙከራ" አለ። አታድርጉት፤ ክንፍ ይሰብራል፣ እጅም ይወስዳል።

አሁን ወደ ከባዱ ጉዳይ እንምጣ። ክላች ሲደክም በብየዳ ወይም በቡሎን አጣብቆ ቋሚ ማድረግ በየጋራዡ የተለመደ ነው። መንገድ ላይ ለቀረ መኪና ቤት መግቢያ ይሆናል፤ በዚያ አልጣላም። ቋሚ መፍትሔ ሲደረግ ግን እቃወማለሁ። ምክንያቴ ቁልቁለቱ ነው። ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ በሞተር ብሬክ ስትወርዱ ዙሩ ከፍ ይላል፤ ሞተሩ ግን ማቀዝቀዝ አያስፈልገውም። ጤነኛ ክላች በዚህ ጊዜ ፋኑን ይለቀዋል። የተበየደው ግን በሙሉ ዙር እየተንገበገበ ይወርዳል። የፖምፓው ኩሽኔታ ያልቃል፣ ናፍጣ ይባክናል፣ ዓመታት ያስቆጠረ የፕላስቲክ ክንፍ ደግሞ ይሰነጠቃል። የተሰበረ ክንፍ ራዲያተሩን ሰንጥቆ ኮፈኖውን መብሳት ይችላል። ክላቹን ቀይሩት። ዘይቱ ብቻ ካለቀ በአንዳንድ ሞዴል ላይ ተከፍቶ ትክክለኛው የሲሊኮን ዘይት ሊሞላ ይችላል። የሞተር ዘይት ግን አይሆንም።

ደረጃ 4፦ ኤሌክትሪክ ፋን ከሆነ

ኮሮላ፣ ቪትዝ፣ ያሪስና ሌሎች ትንንሽ መኪናዎች እዚህ ናቸው። ሞተሩን አስነስታችሁ ኤሲውን ክፈቱ። በብዙዎቹ ላይ ፋኑ ወዲያው መነሳት አለበት። ኤሲ ከሌለው በሚኒሞ አቁማችሁ ጌጁን ተከታተሉ፤ ውሃው ከ90 እስከ 100 ዲግሪ ባለው መካከል ፋኑ መነሳት አለበት።

ካልተነሳ የፋኑን ሶኬት ንቀሉና ፊውዝ ባለው ሽቦ በቀጥታ ከባትሪው ስጡት። ካልዞረ የፋኑ ሞተር ተበላሽቷል። ሲነኩት ብቻ የሚነሳ ከሆነ ካርቦኑ አልቋል፤ ዛሬ ቢሠራም ነገ አትመኑት። በቀጥታ ሲሰጡት በኃይል ከዞረ ፋኑ ደህና ነው፤ ችግሩ ከሱ በፊት ነው።

ቀጥሎ ፊውዙን እዩ። የተቃጠለ ከሆነ ከፍ ያለ ቁጥር አታስገቡ። ፊውዝ ያለ ምክንያት አይቃጠልም፤ ሊይዝ የተቃረበ የፋን ሞተር ብዙ አምፔር ይስባል፣ ትልቅ ፊውዝ ካስገባችሁ ሽቦው ይቃጠላል። ከዚያ ሪሌውን (በትንሽ ኤሌክትሪክ ታዝዞ የፋኑን መስመር የሚያገናኘውን ማብሪያ) ከጎኑ ካለ ተመሳሳይ ሪሌ ጋር አቀያይሩ። ብዙ ጊዜ ይህ ብቻ መልሱን ይሰጣል።

ሙቀት ለካዩ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በብዙ አሮጌ ቶዮታ የፋኑ ሙቀት ስዊች ሲነቀል፣ ቁልፉ ተከፍቶ ሳለ፣ ፋኑ ይነሳል። በሌሎች መኪናዎች ደግሞ ሶኬቱን ነቅሎ ሁለቱን ሽቦ በማገናኘት ነው የሚነሳው። በኮምፒውተር የሚታዘዙት አዳዲሶቹ ለካዩ ሲነቀል ለጥንቃቄ ፋኑን ራሳቸው ያስነሱታል፣ መብራትም ያበራሉ። በዚህ መንገድ ፋኑ ከተነሳ ሽቦውና ሪሌው ደህና ናቸው፤ ስዊቹን ቀይሩ።

ፋኑ ይዞራል፣ ግን ይደክማል? ማሳውን (ከመኪናው ብረት ጋር የሚታሰረውን የኔጌቲቭ መስመር) ፈትሹ። ፋኑ እየዞረ ቴስተሩን በፋኑ ኔጌቲቭ ሽቦና በባትሪው ኔጌቲቭ መካከል አድርጉ። ከ0.5 ቮልት በላይ ካሳየ ማሳው ዝጓል ወይም ላልቷል። የጠቆረ ወይም የቀለጠ ሶኬትም ያንኑ ይናገራል።

በመጨረሻ አንድ ነጠላ ወረቀት ከፊት፣ ከግሪሉ ውጭ አስጠጉ። ወደ ውስጥ ተስቦ መጣበቅ አለበት። ከተገፋ ፋኑ ወደ ኋላ እየዞረ ነው፤ ሽቦ ሲቀጠል ፖዘቲቭና ኔጌቲቩ ተለዋውጧል። በሩጫ ጊዜ ከነፋሱ ጋር የሚታገል ፋን ጭራሽ ፋን ካለመኖሩም ይብሳል።

ደረጃ 5፦ ወደ ኤሌክትሪክ መቀየር ያዋጣል?

ሂሳቡን አብረን እንሥራ። ጥሩ የሚባል ባለ 16 ኢንች ኤሌክትሪክ ፋን 20 አምፔር አካባቢ ይስባል። በ13.5 ቮልት 270 ዋት ነው። በቺንጋ የሚዞር የናፍጣ ሞተር ፋን በከፍተኛ ዙር በሺዎች የሚቆጠር ዋት ይበላል። "ኃይል ይበላል" ተብሎ የሚከሰሰው በዚህ ነው፤ ክሱም እውነት ነው። ግን ያን ያህል ኃይል የሚበላው ያን ያህል አየር ስለሚያንቀሳቅስ ነው። 80 ዋት የተጻፈበት ርካሽ ፋን 30 ኩንታል ይዞ ወልዲያን አልፎ የድልብን ዳገት ለሚወጣ መኪና ምን ሊያደርግለት ይችላል?

ዲናሞውም አለ። በክረምት ማታ ደሴን ጉም ሸፍኗት መብራቱ 9፣ የውስጥ ነፋሱ 10፣ ዝናብ መጥረጊያው 5፣ ፋኑ 20 አምፔር ይስባሉ። ከ40 በላይ ሆነ። ዲናሞ ደግሞ በሚኒሞ ከተጻፈበት ግማሹን ያህል ብቻ ነው የሚሰጠው። ፋኑ በጣም የሚያስፈልገው ደግሞ በሚኒሞ ነው። ትንሽ ዲናሞ ያለው መኪና ባትሪውን እየበላ ይሄዳል።

የአበላሸት ልዩነትም ይመዘን። የፋን ክላች ቀስ በቀስ ይደክማል፤ ምልክት ይሰጣል። ኤሌክትሪክ ፋን በአንድ ፊውዝ፣ ያለ ድምፅ፣ ዳገቱ መሃል ሊሞት ይችላል።

ታዲያ መቼ ነው የምደግፈው? ሞተሩ ተቀይሮ ፋኑ ከራዲያተሩ መሃል ጋር የማይገጥም ሲሆን። ለሞዴሉ ክላች በየትኛውም ገበያ ሲጠፋ። ቀላል ጭነት ያለው የቤንዚን መኪና ሲሆን። በክረምት ወንዝ ውስጥ የሚያልፍ መኪናም አለ፤ በቺንጋ የሚዞር ፋን ውሃ ሲመታ ክንፉ ታጥፎ ራዲያተሩን ሊቦረቡር ይችላል፣ ኤሌክትሪኩን ግን ከመግባታችሁ በፊት ማጥፋት ትችላላችሁ።

ደረጃ 6፦ ከቀየራችሁ እንዲህ ይሁን

መጀመሪያ ቮልቱን አረጋግጡ። ብዙ የጭነት መኪናዎች 24 ቮልት ናቸው፤ የ12 ቮልት ፋን እዚያ ይቃጠላል።

ፋኑ ከራዲያተሩ ኋላ ሆኖ የሚስብ ይሁን። ራዲያተሩን በሙሉ የሚሸፍን ከለላ ያለው ምረጡ። ከሌላ መኪና የተፈታ፣ ከነከለላው የመጣ የፋብሪካ ፋን ከአዲስ ርካሽ ፋን ይሻላል። በራዲያተሩ ቆርቆሮ መካከል በሚያልፍ የፕላስቲክ ማሰሪያ አትሰሩት፤ በንዝረት ቱቦውን ይበላዋል። በብረት ቅንፍ ከራዲያተሩ ጠርዝ ጋር እሰሩት። ከፖምፓው ፑሊ 2 ወይም 3 ሴንቲ ሜትር ይራቅ፤ ሞተሩ ፍሬን ሲያዝ ወደ ፊት ይነቃነቃል።

ሽቦው ከ4 እስከ 6 ካሬ ሚሊ ሜትር ውፍረት ይኑረው። ከባትሪው ፖዘቲቭ አጠገብ ባለ 30 አምፔር ፊውዝ፣ ከዚያ ባለ 40 አምፔር ሪሌ። የሪሌው 30 ቁጥር ከባትሪ፣ 87 ወደ ፋኑ። 86 ቁልፍ ሲከፈት ከሚመጣ መስመር፣ 85 ደግሞ በሙቀት ስዊቹ በኩል ወደ ማሳ። የፋኑ ማሳ ቀለሙ የተፋቀ ብረት ላይ በደንብ ይታሰር።

የሙቀት ስዊቹ ከቴርሞስታቱ ጋር ይስማማ። ቴርሞስታቱ 82 ከሆነ ፋኑ 93 አካባቢ ይነሳ፣ 87 አካባቢ ይጥፋ። የማጥፊያው ሙቀት ከ82 በታች ከሆነ ፋኑ ጭራሽ አይጠፋም። በእጅ ማብሪያ ብቻ አትተማመኑ፤ ሹፌር ይረሳል፣ ሌላ ሹፌር ደግሞ አያውቅም። ለአደጋ ጊዜ ግን ስዊቹን የሚያልፍ የእጅ ማብሪያ ጨምሩ። ዳሽቦርድ ላይም ፋኑ ሲነሳ የሚበራ ትንሽ አምፖል አድርጉ። መስመሩን ከፋኑ ሶኬት ውሰዱት። ጌጁ ወጥቶ አምፖሉ ካልበራ ችግሩን ከመፍላቱ በፊት ታውቃላችሁ።

ሙከራው በቅደም ተከተል ይሁን። መጀመሪያ ግቢ ውስጥ በሚኒሞ፣ ፋኑ ሁለት ሦስት ጊዜ ተነስቶ እስኪጠፋ። መብራቱም የውስጥ ነፋሱም ተከፍቶ ባትሪው ላይ ከ13 ቮልት በታች ከወረደ ዲናሞው አይበቃም፤ በዚህ ሁኔታ ጉዞ አትጀምሩ። ቀጥሎ ባዶ መኪና ይዛችሁ ሐረጎን በጠዋቱ ቅዝቃዜ ውጡ። ከዚያ በቀትር፣ በግማሽ ጭነት። ሙሉ ጭነት መጨረሻ ላይ ነው። ፋኑ ሜዳ ላይ በ80 ስትነዱም ሳይጠፋ የሚቀጥል ከሆነ ራዲያተሩ አይበቃም ወይም ከለላው አየር እየዘጋ ነው። እሱን ሳታስተካክሉ ጭነት አትጨምሩ።

የተፈታውን የድሮ ፋን፣ ክላቹንና ቡሎኖቹን በጆንያ አድርጋችሁ እስከ ክረምቱ መጨረሻ ድረስ አቆዩ። መኪናው ውስጥ ደግሞ ሁለት ትርፍ ፊውዝ፣ አንድ ሪሌና 5 ሊትር ውሃ አይጥፋ።